ካንሰር ይመለስ ይሆን? ከካርድ ላይ በማሽን ለርኒንግ ስለመገመት የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ካንሰር ከታከመ በኋላ ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ከሆስፒታል ካርድ ላይ በማሽን ለርኒንግ (ኮምፒዩተር ካለፈ ዳታ ራሱ ተምሮ እንዲገምት በማድረግ) መገመት ይቻላል ወይ በሚለው ዙሪያ ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር፣ ከደብረ ብርሃንም ከሸዋ ሮቢትም ከመሀል ሜዳም ከአረርቲም መጥቷል ጥያቄው። እኔ የተማርኩት ባዮስታቲስቲክስ ነው፣ ስራዬ የታካሚ ዳታ ማጽዳትና መተንተን ነው፣ ሀኪም ስላልሆንኩ ህክምናውን የሚነካ ጥያቄ ላይ እስከማውቀው ሄጄ ቀሪውን ለሀኪሞቻችሁ እተወዋለሁ። ዓመት ስጽፍ ሌላ ካላልኩ በፈረንጅ ነው።

ጥያቄ (ተማሪ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ከመጀመሪያው ጀምርልን። ማሽኑ ምን አይቶ ነው ይመለሳል አይመለስም የሚለው?

መልስ፦ ማሽኑ በሽተኛዋን አያያትም፣ አንተ የሰጠኸውን ሰንጠረዥ ነው ሚያየው። የጡት ካንሰርን ብንወስድ አንድ መስመር አንዲት ታካሚ ናት፣ እድሜዋ አለ፣ እጢው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደነበር፣ ብብቷ ስር ካሉት ንፍፊቶች ስንቱ ውስጥ ካንሰር እንደተገኘ፣ ግሬዱ (ሴሎቹ ከጤነኛው ምን ያህል እንደራቁ፣ ከ1 እስከ 3)፣ የኢስትሮጅን ሪሴፕተር (የሆርሞኑ መቀበያ) አለው የለውም፣ ሄር ቱ የሚባለው ፕሮቲን በዝቶበታል ወይ፣ ኬሞ ስንት ዙር ወሰደች፣ ጨረር አገኘች ወይ፣ መጨረሻ ላይ ደሞ መልሱ፦ ተመለሰባት ወይስ አልተመለሰባትም፣ ከተመለሰስ መቼ። ሞዴሉ ካለፉት ሴቶች ላይ ይሄንን ተምሮ ለአዲሷ ይገምታል፣ በቃ።

ሀሳቡ ደሞ አዲስ አይደለም። 1982 ላይ እንግሊዝ አገር ኖቲንግሃም ውስጥ በወረቀት የምትሰላ ቀመር ወጥታ ነበር፣ እስካሁንም ትሰራለች። የእጢውን ርዝመት በሴንቲ ሜትር በ0.2 ታባዛለህ፣ የንፍፊት ነጥብ ትጨምራለህ (ካንሰር የተገኘበት ንፍፊት ከሌለ 1፣ ከ1 እስከ 3 ከሆነ 2፣ 4 እና ከዛ በላይ ከሆነ 3)፣ ግሬዱን ትጨምራለህ። እጢዋ 3 ሴንቲ፣ ሁለት ንፍፊት የተነካባት፣ ግሬድ 2 የሆነች ሴት 0.6 ሲደመር 2 ሲደመር 2፣ 4.6 ትሆናለች። እስከ 3.4 ያለው ጥሩ፣ ከዛ እስከ 5.4 መካከለኛ፣ ከ5.4 በላይ አስጊ ይባላል። ማሽን ለርኒንግ ከዚህ በላይ የሚጨምረው ብዙ ነገር በአንዴ ማየቱን ነው፣ እርስ በርስ የሚነካካውን፣ ቀጥ ባለ መስመር የማይሄደውን፣ እንዲሁም ሀኪሙ በእጁ የጻፈውን ማስታወሻና የፓቶሎጂ (እጢው በማይክሮስኮፕ ሲታይ) ምስልን። ግን መሰረቱ ያው እነዚህ ሶስት ነገሮች ናቸው፣ እነሱ ካርዱ ላይ ካልተጻፉ ምንም አይነት አልጎሪዝም አይፈጥራቸውም።

ጥያቄ (ሶፍትዌር የሚሰራ፣ ደብረ ብርሃን)፦ ኢንተርኔት ላይ ያለውን የጡት ካንሰር ማገርሸት ዳታ አውርጄ ራንደም ፎረስት (የብዙ የውሳኔ ዛፎችን ድምጽ የሚሰበስብ ሞዴል) ሰራሁበት፣ 75 ፐርሰንት ትክክል አለኝ። ጥሩ ነው አይደል?

መልስ፦ ያወረድከው የሉብሊያናው መሰለኝ፣ ስሎቬኒያ ካለው የኦንኮሎጂ ተቋም የመጣውና ከ1988 ጀምሮ ተማሪ ሁሉ የሚለማመድበት። እሱ ላይ 286 ሴቶች አሉ፣ 201ዱ አልተመለሰባቸውም፣ 85ቱ ተመልሶባቸዋል። አሁን ምንም ሳይማር ለሁሉም "አይመለስም" እያለ የሚመልስ ሞዴል ብትሰራ 70 ፐርሰንት ትክክል ይሆናል። ስለዚህ ያንተ 75 ከዜሮ ሳይሆን ከ70 ነው ሚቆጠረው ወንድሜ። መጠየቅ ያለብህ ከ85ቱ ስንቱን አገኘኋቸው የሚለውን ነው፣ ምክንያቱም የተሳሳትክባት እያንዳንዷ ሴት "አይዞሽ ምንም የለም" ተብላ ወደ ቤቷ የተላከች ናት ማለት ነው።

ሌላው፣ ያ ዳታ ጊዜ የለውም። ካንሰር ላይ "ይመለሳል ወይ" ብቻውን ግማሽ ጥያቄ ነው፣ "መቼ" የሚለው ነው ሌላው ግማሽ። ከስድስት ወር በኋላ የተመለሰባትና ከ12 ዓመት በኋላ የተመለሰባት እኩል "አዎ" ተብለው ከተጻፉ የሚያስፈልጋቸው ክትትል ጨርሶ የተለያየ መሆኑ ይጠፋል። ለዚህ ነው ሰርቫይቫል አናሊሲስ የሚባለውን (ነገሩ እስኪሆን ያለፈውን ጊዜ የሚተነትነውን) መማር ያለብህ፣ የካፕላንና ማየር ዘዴ ከ1958 ጀምሮ አለ፣ የኮክስ ሪግረሽን ከ1972፣ ያንተን ራንደም ፎረስት ከጊዜ ጋር ያገናኘው ደሞ 2008 ላይ ወጥቷል። ሁሉም አር (R) እና ፓይተን በሚባሉት የፕሮግራም ቋንቋዎች በነጻ ይገኛሉ፣ ላፕቶፕህ ይበቃዋል።

ጥያቄ (መሀል ሜዳ)፦ እናቴ አንድ ጡቷ ከወጣ 6 ዓመት አለፈ፣ ታሞክሲፈንም 5 ዓመት ወስዳ ጨረሰች። ከ5 ዓመት በኋላ አይመለስም ይባላል፣ እውነት ነው? ኮምፒዩተሩ ቢገምትላት ምን ይላት ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ እናትሽ 6 ዓመት መድረሷ በጣም ደስ ይላል፣ እግዚአብሔር ይጨምርላት። 5 ዓመት ሚባለው ነገር ግን እንደ ካንሰሩ አይነት ነው ሚለያየው። ሆርሞን ሪሴፕተርም የሌለው ሄር ቱም ያልበዛበት አይነት (ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚሉት) ከተመለሰ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሶስት ዓመታት አካባቢ ነው፣ 5 ዓመት ያለፈችው ሴት ትልቅ እፎይታ አላት። ታሞክሲፈን (የኢስትሮጅንን ስራ የሚያግድ ኪኒን) የታዘዘላት ሴት ግን ብዙ ጊዜ ሪሴፕተር ያለው አይነት ነው፣ እሱ ደሞ ቀስ የሚል ነው። 2017 ላይ የ88 ጥናቶች ዳታ ተሰብስቦ 62,923 ሴቶች ታይተው ነበር፣ ሁሉም 5 ዓመት የሆርሞን መድሃኒት ወስደው ያን ጊዜ ካንሰር ያልነበረባቸው ናቸው። ከዛ በኋላ እስከ 20ኛው ዓመት ድረስ ወደ ሌላ አካል ተዛምቶ የመመለስ እድሉ በየዓመቱ በትንሽ በትንሹ ሲቀጥል ታየ፣ እጢው ትንሽ ሆኖ ንፍፊት ካልተነካ 13 ፐርሰንት አካባቢ፣ እጢው ከ2 እስከ 5 ሴንቲ ሆኖ ከ4 እስከ 9 ንፍፊት ከተነካ 41 ፐርሰንት።

ቁጥሩ እንዳያስደነግጥሽ። 13 ማለት 87ቱ አልተመለሰባቸውም ማለት ነው፣ ደሞ እነዛ ሴቶች የታከሙት ድሮ ነው፣ ህክምናው ከዛ ወዲህ ተሻሽሏል። ከዚህ ምትወስጂው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የፓቶሎጂ ወረቀቷን ይዘሽ ሀኪሟን "ታሞክሲፈኑ ይቀጥል ወይ" ብለሽ ጠይቂ፣ 2013 ላይ የወጣ ትልቅ ጥናት 10 ዓመት የወሰዱት ከ5 ዓመቶቹ ያነሰ እንደተመለሰባቸው አሳይቷል፣ የራሱ ጉዳት ግን አለው፣ ለምሳሌ ካረጠች በኋላ ደም ካየች የማህፀን ምርመራ ያስፈልጋታል፣ ስለዚህ ውሳኔው የሀኪሟና የእሷ ነው። ሁለተኛ፣ በዓመት አንዴ መታየቷን አታቁሙ። የቀረው ጡት በዓመት ማሞግራፊ ቢታይ ጥሩ ነው። አዲስ እብጠት፣ የማይለቅ የአጥንት ህመም በተለይ ወገብና ጎን ላይ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ያለ ምክንያት መክሳት ካለ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። ምንም ስሜት ከሌላት ግን በየጊዜው ሲቲ ስካን ማንሳት አይመከርም፣ ገንዘብ ያስጨርሳል እንጂ እድሜ እንደሚጨምር አልታየም።

ጥያቄ (ካርድ ክፍል የሚሰራ፣ ሸዋ ሮቢት)፦ የኛ ካርዶች አብዛኞቹ በእጅ የተጻፉ ናቸው፣ ገና አሁን ነው ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ያለው። ከዚህ ላይ ይሄ ነገር ይወጣል?

መልስ፦ እቺን ጥያቄ ነበር ስጠብቃት፣ እዚህ ላይ ረዘም ልበል። ሰው ሁሉ ስለ አልጎሪዝም ነው ሚጠይቀው፣ ስራው ያለው ግን አንተ እጅ ላይ ነው።

መጀመሪያ ቀኑ። አንድ ካርድ ላይ 12/05/10 ተብሎ ቢጻፍ ምን ማለት ነው? በኛ አቆጣጠር ጥር 12 ቀን 2010 ከሆነ በፈረንጅ ጃንዋሪ 20 ቀን 2018 ነው። ጸሐፊው በፈረንጅ ጽፎት ከሆነ ደሞ ሜይ 12 ቀን 2010 ነው። በሁለቱ መካከል 7 ዓመት ከ8 ወር አለ። እኛ ደሞ ልንገምት የፈለግነው በስንት ወሯ ተመለሰባት የሚለውን ነው! ፓቶሎጂው አዲስ አበባ ተሰርቶ በፈረንጅ ቀን ይመጣል፣ ቀጠሮው እዚህ በኛ ቀን ይሞላል፣ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን ሲቀንስ አንዳንዴ ከቀዶ ጥገናዋ በፊት ያገረሸባት ሴት ያወጣልሃል። እንደዛ ያለው ስህተት እንኳን ራሱ ይታያል፣ ሳይታይ የሚያልፈው ነው ሚያሳስበኝ።

ሁለተኛ ስም። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባት ስም ነው ያለን፣ አንዷ ሴት እዚህ በሀሌታው ሀ ትጻፋለች አዲስ አበባ ስትሄድ በሐመሩ ሐ፣ አንዱ ጋ ወለተ ተብሎ በክርስትና ስሟ፣ አንዱ ጋ በቤት ስሟ፣ እድሜዋ ደሞ እዚህ 40 እዛ 45። ለኮምፒዩተር አራት ሴት ናት። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው አንድ ካርድ ላይ፣ ማገርሸቱ ሌላ ካርድ ላይ ይቀርና የመጀመሪያዋ "አልተመለሰባትም" ተብላ ትማራለች። ፊደላቱን ወደ አንድ አምጥቶ፣ የእናት ስምና ቀበሌ ጨምሮ ማዛመድ ይቻላል፣ ግን ሰው ቁጭ ብሎ ማየት አለበት።

ሶስተኛ፣ ማገርሸት የሚባለው ራሱ የትም ቦታ በኮድ አይገባም። የበሽታ መለያ ኮዱ አይሲዲ 10 ላይ የጡት ካንሰር ሲ 50 ነው፣ መጀመሪያ ሲያማትም ሲ 50፣ እዛው ቦታ ተመልሶ ሲመጣም ሲ 50። አጥንት ከገባ ሲ 79.5 የሚል አለ፣ ግን መጀመሪያ ስትመጣም አጥንቷ ውስጥ ከነበረስ? ይሄ የኛ ችግር ብቻ እንዳይመስልህ፣ አሜሪካ ከ1973 ጀምሮ ካንሰር እየመዘገበ ያለው ሲር የሚባለው ትልቁ መዝገብ እንኳን ማገርሸትን በመደበኛነት አይመዘግብም። እዛም ተመራማሪዎቹ ከሀኪም ማስታወሻ ላይ ነው ሚለቅሙት። ማስታወሻው ላይ ደሞ "ማገርሸት" የሚል ቃል መኖሩ አይበቃም፣ "ማገርሸት የለም"፣ "ማገርሸት እንዳይሆን ይታይ"፣ "እናቷ ላይ አገርሽቶ ነበር" ሁሉም ውስጥ ቃሉ አለ። ይሄን የሚለይ ዘዴ ከ2001 ጀምሮ ተሰርቷል፣ በእጅ ለተጻፈ ካርድ ግን መጀመሪያ አንባቢ ሰው ነው ሚያስፈልገው።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። የጠፋችው ሴት። ከመንዝ ጌራ ወይ ከጊሼ ተነስታ ደብረ ብርሃን ደርሳ፣ ከዛ 130 ኪሎ ሜትር ጥቁር አንበሳ ድረስ ሄዳ ታክማ፣ ሁለት ቀጠሮ ከመጣች በኋላ ቀረች። ገንዘብ አለቀባት፣ መንገድ ተዘጋባት፣ ወይ አርፋለች። ካርዷ ላይ ያለው መጨረሻ ቃል "ደህና ናት" ነው። አንተ ይሄንን "አልተመለሰባትም" ብለህ ካስገባህ ሞዴሉ ምን ይማራል መሰለህ፣ ከሩቅ የመጣች ሴት አይመለስባትም ብሎ ይማራል። ርቀት ከካንሰር የሚያድን መድሃኒት ሆኖ ቁጭ ይላል። ውጭም የታወቀ ነገር ነው፣ አሜሪካ የሳንባ ምች ታካሚዎች ላይ በተሰራ ሞዴል አስም ያለባቸው ሰዎች የመሞት እድላቸው ዝቅተኛ ነው ብሎ ተማረ፣ ምክንያቱም አስም ያለባቸው ሰዎች በቀጥታ ጽኑ ህሙማን ክፍል ገብተው ቶሎ ይታከሙ ነበር። ዳታው አልዋሸም፣ ሞዴሉ ግን ሰው ሊገድል ነበር።

ለጠፉት ሴቶች ሴንሰሪንግ የሚባል ዘዴ አለ፣ እስከታየችበት ቀን ድረስ አልተመለሰባትም ከዛ ወዲያ አናውቅም ብለህ ታስገባታለህ። ጥሩ ነው፣ ግን ዘዴው የጠፉት ሰዎች ክትትል ላይ ካሉት ጋር አንድ አይነት ናቸው ብሎ ነው ሚያምነው። እኛ ጋ ግን የምትጠፋዋ ብዙ ጊዜ የባሰባት ወይ የደኸየችው ናት። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ጊዜ ወረቀታቸው የጠፋባቸውን ደሞ ጨምርበት። መፍትሄው ሂሳብ ሳይሆን ስልክ ነው፣ ደውሎ መጠየቅ፣ ካልተገኘች በጤና ኤክስቴንሽኗ በኩል ቀበሌ ድረስ ማስጠየቅ። አንድ ሰው ተመድቦ የጠፉትን ቢያጣራ ከየትኛውም ኒውራል ኔትወርክ (ከተራቀቀ የማሽን ለርኒንግ ሞዴል) የበለጠ ሞዴሉን ያሻሽለዋል፣ ይሄን ከልቤ ነው ምልህ።

ስለዚህ ካርዱ ላይ ይወጣል ወይ ላልከው፣ ይወጣል። ግን የሚወጣው አንተ ካስተካከልከው ካርድ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ዲፕ ለርኒንግ (ብዙ ድርብርብ ያላቸው ኒውራል ኔትወርኮች) ብንጠቀም አይሻልም?

መልስ፦ ምስል ላይ አዎ። ሰንጠረዥ ላይ ብዙ ጊዜ አይደለም። 2019 ላይ 71 ጥናቶች ተገምግመው ማሽን ለርኒንግ ከተራው የስታቲስቲክስ ቀመር (ሎጂስቲክ ሪግረሽን) የተሻለ ሆኖ አልተገኘም፣ የተሻለ ይመስል የነበረው ደካማ በሆነ መንገድ የተፈተነው ነው።

ጥያቄ (ጤና መኮንን፣ አረርቲ)፦ ውጭ አገር የተሰሩ ዝግጁ መገመቻዎች አሉ። እንግሊዞቹ ፕሬዲክት የሚሉት፣ ከጡት ካንሰር በኋላ በህይወት የመቆየትን እድል የሚገምተው፣ ኢንተርኔት ላይ በነጻ አለ። ለምን ያንን አንጠቀምም?

መልስ፦ ይሞከር፣ ግን ሳይፈተን በሱ አይወሰን። ሸዋ ሮቢት ላይ ያማረን ማሾ ወስደህ መንዝ ጓሳ ላይ ብትዘራው ዘሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም የማይበቅለው። ፕሬዲክት የተሰራው በማሞግራፊ ምርመራ በጊዜ የተገኙ ሴቶች በብዛት ባሉበት፣ ሆርሞን ሪሴፕተርና ሄር ቱ ለሁሉም በሚሰራበት፣ ጨረር ለብዙ ወራት በማይጠበቅበት አገር ነው። እኛ ጋ ብዙ ሴት እጢው ካደገ በኋላ ነው ምትመጣው፣ እድሜዋም ወጣት ነው፣ ጨረሩም ለረጅም ጊዜ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ነው እንደ ጅማና ሐረር ያሉ የተጨመሩት። "ከ100 ሴቶች 20 ይሞታሉ" ብሎ የተናገረው መገመቻ እዚህ 40 ሲሞቱ ልታይ ትችላለህ። ይሄ ካሊብሬሽን ይባላል፣ ብዙ ጽሁፍ ላይ ተዘሎ ኤዩሲ ብቻ ነው ሚነገረው፣ ኤዩሲ ግን ማን ከማን ይብሳል የሚለውን ደረጃ ብቻ ነው ሚያሳየው፣ ቁጥሩ ራሱ እውነት መሆኑን አያሳይም። ለታካሚ ምትነግራት ደሞ ቁጥሩን ነው።

አገር መቀየር እንኳን አያስፈልግም። አሜሪካ ውስጥ መቶዎች ሆስፒታሎች ላይ የተተከለ የደም መመረዝ መገመቻ ነበር፣ ኤዩሲው ከ0.76 እስከ 0.83 ነው ተብሎ፣ 2021 ላይ ሚሺጋን ውስጥ ሌሎች ሲፈትኑት 0.63 ሆኖ ተገኘ። 1 ማለት ፍጹም ነው፣ 0.5 ማለት ሳንቲም መጣል ነው።

የጂን ምርመራዎቹም ላይ ጥያቄ ነበር፣ ኦንኮታይፕ የሚባለው 21 ጂን አይቶ የመመለስ ነጥብ ይሰጣል፣ 2018 ላይ በወጣው ትልቅ ጥናት ንፍፊት ያልተነካባቸው መካከለኛ ነጥብ ያላቸው አብዛኞቹ ሴቶች ያለ ኬሞ እኩል ደህና ሆነው ታይተዋል። ትልቅ ነገር ነው፣ ብዙ ሴት ከኬሞ ስቃይ ድናለች፣ ግን ዋጋው በሺዎች ዶላር ስለሆነ ለኛ ሰው ዛሬ መፍትሄ ነው ብዬ አላወራም።

ጥያቄ (አንኮበር)፦ ልጄ፣ እኔ በእድሜ የገፋሁ ሰው ነኝ። ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ለታመመ ሰው እንዲህ ያለ ቁጥር መንገር ተስፋ ማስቆረጥ አይሆንም ወይ?

መልስ፦ አባቴ፣ ትልቅ ነገር ነው የጠየቁኝ። ሞዴሉ የአንድን ሰው ነገ አያውቅም፣ ማወቅም አይችልም። እሱ የሚለው እንዲህ አይነት ህመም ከነበራቸው 100 ሰዎች ይሄን ያህሉ ተመለሰባቸው ነው፣ እርስዎ ወይም ልጅዎ ከየትኞቹ እንደሆናችሁ አይናገርም። ስለዚህ ቁጥሩ በዋናነት ለታካሚው ጆሮ ነው የሚል እምነት የለኝም። ለሀኪሙና ለነርሷ ነው፣ ማንን በሶስት ወር እንጥራ፣ ማንን በስድስት ወር፣ ማን ከቀረ ዛሬውኑ ይደወልለት የሚለውን እንዲለዩበት። ማወቅ የሚፈልግ ታካሚ ከጠየቀ ይነገረው፣ ቁጭ ተብሎ፣ ቤተሰብ ባለበት፣ ምን ማድረግ እንደሚቻል አብሮ እየተነገረ። ያልጠየቀ ሰው ላይ ቁጥር መጣል ግን እኔም አልስማማበትም።

አንድ ነገር ልጨምር አባቴ። ሸንኮራ ዮሐንስም ሆነ ሌላ ጸበል የሚሄዱ ታካሚዎች አሉ፣ ይሂዱ፣ ግን ታሞክሲፈኑን አያቋርጡ። በጾም ሰዓትም ቢሆን በቀን አንዴ የሚወሰድ ኪኒን ስለሆነ ማታ ካፈጠሩ በኋላ ማድረግ ይቻላል። እርስዎ የሚሰማ ቃል ስላለዎት ይሄንን ለሰዎች ቢነግሩልን ከማንም በላይ ይረዳናል።

ጥያቄ (ነርስ)፦ የታካሚ ካርድ ፎቶ አንስቼ ለቻት ጂፒቲ ብሰጠው አጠቃልሎ ይነግረኛል፣ ብዙ ስራም ያቀልልኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ ሲስተር፣ እባክሽ እንዳታደርጊው። ካርዱ የሷ ነው፣ አንቺን ያመነችው ለህክምና ነው። አሁን ደሞ ህግም አለ፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በኛ አቆጣጠር ነው) የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ውስጥ ነው ያስቀመጠው። ስሟን ሸፍኜ እልካለሁ ምትዪው ደሞ አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ የፖስታ ኮድ፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ብቻ ተይዞ 87 ፐርሰንቱን ሰው መለየት እንደሚቻል ከ2000 ጀምሮ ይታወቃል። እኛ ጋ በአንድ ቀበሌ 34 ዓመቷ ሆኖ ጡቷ የወጣ ስንት ሴት አለ? ጎረቤቷ በስም ይነግርሻል። ለጥናት ከሆነ የስነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ቀበሌውን ወደ ወረዳ ከፍ ማድረግ፣ ቀኑን ወደ "ከቀዶ ጥገና በኋላ ስንተኛ ወር" መቀየር፣ ዳታውም ከሆስፒታሉ ኮምፒዩተር ሳይወጣ መስራት ይቻላል።

ጥያቄ፦ ይሄ መገመቻ ለጤና መድህን ወጪ መቀነሻ ቢውልስ? ብዙ ወጪ የሚያስወጡትን ቀድሞ ማወቅ።

መልስ፦ ይሄ ያስፈራኛል። 2019 ላይ አሜሪካ ውስጥ የታየ ነገር አለ፣ ተጨማሪ እንክብካቤ ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስን ሞዴል የህመምን ክብደት በወጣበት ገንዘብ ለካው፣ ጥቁሮች ላይ ድሮም ያነሰ ገንዘብ ይወጣ ስለነበር እኩል ታመው እያለ ያነሰ እንደታመሙ ተቆጠሩ። እኛ ጋ በወጪ ብንለካ ከሞጃና ወደራ ቆላ በእግሯ የምትመጣዋ ሴት ዜሮ ወጪ ስላላት ጤነኛ ልትባል ነው። በህመም ይለካ እንጂ በብር አይለካ።

ጥያቄ (አጣዬ)፦ ሁሉም ስለ ጡት ነው። የማህፀን በር ካንሰርስ?

መልስ፦ ልክ ነሽ፣ አገራችን ላይ በሴቶች ሁለተኛው እሱ ነው። እዛ ላይ ክብደት ያላቸው ነገሮች ሲመጣ የነበረው ደረጃ፣ የእጢው መጠን፣ ንፍፊት መነካቱ፣ ኤች አይ ቪ፣ ደም ማነስ፣ እና ጨረሩ ስንት ቀን ዘገየ፣ በመሀል ተቋርጦ ነበር ወይ የሚለው ነው። የመጨረሻውን ማንም ካርድ ላይ አይጽፈውም፣ ለኛ ግን በጣም የሚለየው እሱ ነው። ደሞ ይሄኛው ካንሰር ከመገመት ይልቅ መከላከል የሚቻል ነው፣ የኤች ፒ ቪ ክትባት አገራችን ውስጥ 2018 ላይ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀምሯል፣ እህቶቻችሁን አስከትቡ።

ጥያቄ (የማስተርስ ተማሪ)፦ ያሉኝ 300 ካርዶች ናቸው፣ 30 የሚሆን ቬሪያብል (እንደ እድሜና ግሬድ ያለ አምድ) አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ ሚቆጠረው ካርዱ ሳይሆን ማገርሸቱ ነው። ከ300ው 60 ላይ ከተመለሰ፣ ለአንድ ቬሪያብል ቢያንስ 10 ክስተት በሚለው በድሮው መመሪያ 6 ቬሪያብል ነው መያዝ ምትችዪው፣ አዲሶቹ ስሌቶች ደሞ ብዙ ጊዜ ከዛም በላይ ይጠይቃሉ። 30ውን ከነገርሽው ሞዴሉ 300ዎቹን ሴቶች በቃሉ ይይዛቸውና 301ኛዋ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ስድስቱን ከሀኪም ጋር ተቀምጠሽ ቀድመሽ ምረጪ፣ ዳታው እንዲመርጥልሽ አታድርጊ። ከማገርሸት በኋላ የመጣ ነገር ሾልኮ እንዳይገባ ደሞ ተጠንቀቂ፣ ለምሳሌ "ሞርፊን ታዞላታል" የሚል ቬሪያብል ኤዩሲሽን ወደ ሰማይ ያወጣዋል፣ ሞርፊኑ የታዘዘው ግን ስለተመለሰባት ነው። ስትጽፊ የ2024ቱን ትራይፖድ ኤአይ የሚባለውን መመሪያ ተከተዪ፣ ምን ምን ማሳየት እንዳለብሽ ይነግርሻል።

ጥያቄ (ካርድ ክፍል፣ ሸዋ ሮቢት፣ በድጋሚ)፦ እሺ አሳመንከኝ። ሰኞ ስገባ ምን ልጀምር?

መልስ፦ የካንሰር ታካሚዎችን መዝገብ ላይ ጥቂት አምድ ጨምር። የምርመራው ቀን፣ አጠገቡ "ኢ" ወይ "ፈ" ተብሎ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ። የእጢው መጠን፣ ንፍፊት ስንት ታይቶ ስንቱ ላይ ተገኘ፣ ግሬድ፣ ሪሴፕተር፣ ካልተሰራ "አልተሰራም" ተብሎ ይጻፍ እንጂ ባዶ አይተው፣ ባዶ ከሆነ አለመሰራቱ ይሁን መረሳቱ አይታወቅም። ህክምናው የተጀመረበትና ያለቀበት ቀን። ሁለት ስልክ፣ አንዱ የሷ አንዱ የቅርብ ሰው፣ ኔትወርክ የሌለበት ቀበሌ ከሆነ የጤና ኬላው። መጨረሻ የታየችበት ቀን። ከዛ ተመልሷል ወይ፣ ተመልሶ ከሆነ የት ቦታና በምን ተረጋገጠ፣ በባዮፕሲ ነው፣ በምስል ነው፣ ወይስ ሀኪሙ ጠርጥሮ ነው። ከቀጠሮዋ ሁለት ሳምንት ያለፈችን ሴት ዝርዝር በየሳምንቱ አውጥተህ ለክትትል ነርሷ ስጣት። ኤክሴል ይበቃል፣ ፋይሉን በፓስወርድ ዝጋው። ካርዶቹ ስልሳም ይሁኑ ሰማንያ ሲሞሉ ጻፍልኝ፣ ቀኖቹን አብረን እናያቸዋለን።